ያልተገኘ ሁሉ የለም ማለት ነውን? ቫይረስን በመጠጥ ውሃ ውስጥ ስለ መፈለግ

እ.ኤ.አ. በ1955 መገባደጃ ላይ የዴልሂ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳበት የያሙና ወንዝ ከጎርፍ በኋላ አካሄዱን ለወጠ። በዚህም ምክንያት የከተማዋን ፍሳሽ የሚሸከመው የናጃፍጋርህ ቦይ ውሃ ወደ ዋዚራባድ ማጣሪያ ጣቢያ መቅጃ ተመልሶ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጣቢያው ሠራተኞች የውሃውን መበላሸት አስተውለው የክሎሪኑን መጠን ጨመሩ። በጊዜው በነበረው ዕውቀት ሊደረግ የሚገባው ይኸው ሲሆን ውጤቱም በከፊል ያማረ ነበር፤ ፍሳሽ የገባበትን ውሃ ተከትለው ይመጣሉ ተብለው የሚፈሩት የአንጀት ተስቦና የደም ተቅማጥ ከወትሮው አልበዙም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ እኛ በአገራችን የወፍ በሽታ በምንለው ሕመም የተያዙ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ይጎርፉ ጀመር። ወረርሽኙ በ1956 መጀመሪያ ወራት ሲበርድ የታማሚዎቹ ቁጥር 29 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ገደለ፤ ቫይረሱ ግን አመለጠ። የቫይረሱ ማንነት ራሱ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቷል። መጀመሪያ ሄፓታይተስ ኤ እንደሆነ ታምኖ ነበር፤ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በማቀዝቀዣ ተጠብቆ የቆየው የሕሙማኑ ደም ሲመረመር ግን አለመሆኑ ተረጋገጠ። በ1983 ሚካኤል ባላያን የተባለ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪ በአፍጋኒስታን ሳሉ ከታመሙ ወታደሮች ዓይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በገዛ ዓይነ ምድሩም ውስጥ ከ27 እስከ 30 ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ድብልብል ቅንጣቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከተ። (ይህን ዓይነቱን ሙከራ ለተማሪዎቼ አልመክርም።) ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ ብለን የምንጠራው ቫይረስ ይኸው ነው። ሌላውን ሰው ብዙ ጊዜ አሳምሞ ሲለቅ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት የያዛቸውን እናቶች ግን ከአምስት አንዷን፣ አንዳንዴም ከአራት አንዷን ይገድላል።

አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ቫይረስ መጻፉ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ የባዮሎጂ ባልደረቦቼም ይቅር ይበሉኝ። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ያለ ቫይረስን መፈለግ ከላይ እስከ ታች የመለካት ጥያቄ ነው። በጣም ትንሽ የሆነን፣ ቁጥሩም በጣም ጥቂት የሆነን ነገር በጣም ብዙ በሆነ ነገር ውስጥ እንዴት እንቆጥራለን? ቆጥረንስ ዜሮ ብናገኝ ዜሮው ምን ይነግረናል?

ለምን በቀጥታ አይታይም?

ኢ-ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ተስማሚ ምግብና ሙቀት ከተሰጠውም ሌሊቱን ተባዝቶ ጠዋት በዓይን የሚታይ ነጥብ ይሠራል። ስለዚህም የውሃ ላቦራቶሪዎች በዓለም ሁሉ የሚፈልጉት እርሱን ነው። ኢ-ኮላይ ከተገኘ ሰገራ ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በማናቸውም የ100 ሚሊሊትር የመጠጥ ውሃ ናሙና ውስጥ አንድም ኢ-ኮላይ እንዳይገኝ ይጠይቃል። ምርመራው ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ በበኩሌ አልንቀውም። ጉድለቱ፣ ምስክሩ ከወንጀለኛው ቀድሞ መሞቱ ነው። ኢ-ኮላይ ከብዙዎቹ የአንጀት ቫይረሶች ይልቅ በክሎሪንም ሆነ በውሃ ውስጥ በመቆየት በቀላሉ ይሞታል፤ እርሱ ጠፍቶ ቫይረሱ ሊኖር ይችላል።

ቫይረሱን ራሱን እንይ ብንል የብርሃን ባሕርይ ይከለክለናል። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ሲሆን የአንጀት ቫይረሶች ብዙዎቹ 30 ናኖሜትር ገደማ ናቸው። ጣና ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሞገዱ ደሴት ሲያጋጥመው ከኋላው ጸጥ ያለ ውሃ ይተዋል፣ አንዲት የደንገል ዘንግ ሲያጋጥመው ግን እንዳላያት ሆኖ ያልፋል። ብርሃንም ቫይረስን እንዲሁ ያልፈዋል። ሌንሱን ማሳመርም አይረዳም፤ ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማሳየት አይችልም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሞገዱን ርዝመት እጅግ ስለሚያሳጥር ቫይረሱን ያሳያል፤ ነገር ግን አንድ ቅንጣት ለማየት እንኳ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር ውስጥ ሚሊዮን ያህል መኖር አለባቸው። በታማሚ ዓይነ ምድር ውስጥ ከዚያም በላይ ይገኛሉ፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይገኙም።

የጥቂት ቁጥሮች ሕግ

በአንድ ከተማ ውሃ ውስጥ በአማካይ በየ100 ሊትሩ አንድ ቫይረስ አለ እንበል። ከቧንቧው አንድ ሊትር ቀድተን ምንም የማያመልጠው መሣሪያ ቢኖረን እንኳ ከ100 ጊዜ 99 ጊዜ ያህል ባዶ ጠርሙስ ነው የምንመረምረው። መቶ ሊትር ብንቀዳስ? ብዙ ተማሪዎች «እንግዲያውስ አንድ እናገኛለን» ይላሉ። አማካይ አንድ ነው ማለት ግን ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት አይደለም። ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ከተበተኑ ምንም ሳናገኝ የመቅረት ዕድላችን የሚሰላው ሲሜዮን ፖይሶን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሰፈረው ሕግ ነው፤ የሚጠበቀው አማካይ ሀ ከሆነ ዜሮ የማግኘት ዕድል 2.718 ወደ ሀ ተባዝቶ አንድን ሲያካፍለው የሚገኘው ቁጥር ነው። አማካዩ አንድ ሲሆን ይህ 37 በመቶ ነው። ከሦስት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ እንስታለን ማለት ነው። የመሳት ዕድላችንን ወደ 5 በመቶ ለማውረድ አማካዩ ሦስት፣ ውሃውም 300 ሊትር መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ቅንጣት ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ሂሳቡን በሌላው በኩል እንሥራው። በዚያች ከተማ አንድ ሚሊዮን ሰው በቀን አንድ አንድ ሊትር ቢጠጣ፣ በየቀኑ 10 ሺህ የቫይረስ ቅንጣቶች ይዋጣሉ። እንደ ሮታቫይረስና ኖሮቫይረስ ያሉት ደግሞ ሰውን ለማሳመም ብዙ ሠራዊት አያስፈልጋቸውም። ባዶ የወጣው ጠርሙስና የታመመችው ከተማ በአንድ ላይ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስት መቶ ሊትርን ወደ አንዲት ማንኪያ

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ብዙ መቶ ሊትር ውሃ አሳልፎ ቫይረሱን በጥቂት ሚሊሊትር ውስጥ መሰብሰብ ነው። በአሜሪካ በተዘጋጁ የአሠራር መመሪያዎች ለተጣራ ውሃ እስከ 1500 ሊትር ድረስ ይታለፋል። ከ30 ናኖሜትር የጠበበ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ወዲያው በደለል ይደፈናል፤ ይህን ያህል ውሃ በእርሱ ለማሳለፍም ብርቱ ግፊት ያስፈልጋል። መፍትሔው ቀዳዳው ከቫይረሱ ብዙ እጥፍ የሰፋ ማጣሪያ ነው። በዓሣ መረብ ቁንጫ እንደ ማጥመድ ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

የሚሠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አይንስታይን በ1905 ያብራራው የብራውን እንቅስቃሴ ነው፤ በውሃ ሞለኪውሎች እየተገፋ የሚባዝን 30 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት አንድ ማይክሮሜትር ለመራቅ በአማካይ ከሦስት መቶኛ ሰከንድ ጥቂት ቢፈጅበት ነው። ስለዚህ በማጣሪያው ጠማማ መንገዶች ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር በተደጋጋሚ ይላተማል። ሁለተኛው ኤሌክትሪካዊ ሙል፣ በክፍል ውስጥ ቻርጅ የምንለው ነው። የቫይረሱ ልባስ ፕሮቲን በመሆኑ እንደ ውሃው አሲድነት ፕሮቶን ይሰጣል ወይም ይቀበላል፤ በተራ ውሃ ውስጥ ብዙዎቹ ቫይረሶች አሉታዊ ሙል ይይዛሉ። የማጣሪያው ክሮች አዎንታዊ ሙል ያለው ሽፋን ከተቀቡ ቫይረሱ ሲላተም እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ክሮቹ እንደ ቫይረሱ አሉታዊ ከሆኑ ደግሞ አሲድ ወይም የማግኒዥየም ጨው ይጨመራል፤ ጨው በሁለቱ መካከል ያለውን መገፋፋት ስለሚጋርድ ቅንጣቱ እስኪነካ ድረስ ይቀርባል።

ያዝነውን ማስለቀቁ የባሰ ነው። ማጣሪያው ፒኤቹ ከ9 በላይ በሆነ፣ ከበሬ ሥጋ በወጣ የፕሮቲን መረቅ ይታጠባል። ሥጋው ለምን አስፈለገ? የመረቁ ፕሮቲኖች ከቫይረሱ ጋር ተሻምተው ቦታውን ስለሚይዙበት ነው። ከዚያም መረቁ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ወደ 3.5 ሲወርድ ፕሮቲኖቹ እንደ ረጋ ወተት ይቋጠሩና ቫይረሱን ይዘው ይዘቅጣሉ፤ ዝቃጩ በሴንትሪፊዩጅ ተለይቶ በጥቂት ፈሳሽ ይሟሟል። ይህን ሥራ ያየ ሰው ዘመናዊ ላቦራቶሪ ከወጥ ቤት ብዙ እንደማይርቅ ይገነዘባል።

በእያንዳንዱ እርምጃ ግን ቫይረስ ይጠፋል። የጠፋውን ለማወቅ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ በናሙናው ውስጥ ቁጥሩ የታወቀ ሌላ ጉዳት የሌለው ቫይረስ አስቀድሞ ይጨምርና መጨረሻ ላይ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይቆጥራል። ከአምስቱ አንዱ ብቻ መመለሱ የተለመደ ነው። እንግዲህ 100 ሊትር አሳልፎ ከአምስት አንዱን የሚይዝ ላቦራቶሪ በእውነት የመረመረው 20 ሊትር ብቻ ነው። ዜሮ ካገኘም በ95 በመቶ መተማመን ሊል የሚችለው ቫይረሱ በሊትር ከ0.15፣ ማለትም በየሰባት ሊትሩ ከአንድ አይበልጥም ነው። ለዚያች አንድ ሚሊዮን ሊትር ለምትጠጣ ከተማ ይህ በቀን እስከ 150 ሺህ ቅንጣት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን «አልተገኘም» የሚል አንድ ቃል ነው።

መቁጠር

የተሰበሰበውን ለመቁጠር የቀደመው መንገድ ቫይረሱን በሕያው ሕዋሳት ላይ ማሳደግ ነው። ጆን ኤንደርስ፣ ቶማስ ዌለርና ፍሬድሪክ ሮቢንስ የፖሊዮ ቫይረስን ከነርቭ ውጪ ባሉ ሕዋሳት ላይ በብልቃጥ ማሳደግ እንደሚቻል በ1949 አሳይተው በ1954 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሕዋሳቱ ምንጣፍ ላይ እያንዳንዱ ሕያው ቫይረስ ክብ በሳ ይሠራል፤ በሳዎቹን መቁጠር ቫይረሶቹን መቁጠር ነው። ዘዴው ሕያው የሆነውን ብቻ ስለሚቆጥር ታማኝ ነው፤ ሆኖም ቀናትንና ሳምንታትን ይፈጃል፣ እምቢ የሚሉ ቫይረሶችም አሉ። የሰው ኖሮቫይረስ በላቦራቶሪ ከሰው በተገኙ የአንጀት ሕዋሳት ላይ ማደጉ የተነገረው በ2016 ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፒሲአር ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ስሙን ያልሰማ የለም። ኬሪ ሙሊስ በ1983 ያፈለቀው ይህ ዘዴ የተመረጠችን የዲኤንኤ ቁራጭ በሙቀትና በኢንዛይም በየዙሩ እጥፍ ያደርጋል። የአብዛኞቹ የአንጀት ቫይረሶች መልእክት የተጻፈው በአርኤንኤ በመሆኑ አስቀድሞ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። አንዷ ቁራጭ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ትሆናለች፤ በሚያበራ ቀለም ስትታጀብም በብርሃን ጠቋሚ ትታያለች። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ዲጂታል ፒሲአር የሚባለው አዲሱ ዝርያ ነው። ናሙናው በ20 ሺህ ጥቃቅን ጠብታዎች ይከፋፈልና በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ለብቻ ይባዛል፤ ከዚያ የበሩት ጠብታዎች ይቆጠራሉ። ሁለት ሺህ ጠብታ ቢበራ ቁራጮቹ ሁለት ሺህ ናቸው ማለት አይደለም፤ በአንዳንዷ ጠብታ ሁለት ገብተዋልና። የጨለሙት 18 ሺህ ከጠቅላላው 90 በመቶ ናቸው፤ ባዶ ጠርሙስ የሚገኝበትን ዕድል ያሰላንበትን የፖይሶንን ሕግ ወደ ኋላ ብንሠራው 2107 ቁራጮች እንደነበሩ ይነግረናል። ናሙና ስንቀዳ ያሳሳተን ሕግ እዚህ ላይ ይክሰናል።

ፒሲአር ግን ከመጽሐፉ አንዲት ገጽ ብቻ ነው የሚያነብበው። የሄፓታይተስ ኢ መልእክት 7200 ያህል ፊደላት አሉት፤ ዘዴው ከእነርሱ ውስጥ ጥቂት መቶ ወይም ከዚያ ያነሱትን ይፈልጋል። የቀረው ተቀዳዶ፣ ልባሱም በክሎሪን ተበጣጥሶ ሊሆን ይችላል። የሞተውንም ሕያው ብሎ ይቆጥራል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከወንዝ ውሃ አብሮ የሚሰበሰበው፣ ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ቡናማ ንጥረ ነገር ኢንዛይሙን ስለሚያደነዝዝ ያለውንም የለም ያሰኛል። አንዱ ስሕተት ከተማን በከንቱ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛው የባሰ ነው።

ጥያቄውን መገልበጥ

በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ ሕግ የተሠራው ስሌት በዓመት ከ10 ሺህ ጠጪዎች ከአንድ የማይበልጥ ሰው እንዲታመም ከተፈለገ፣ ሮታቫይረስን መለኪያ አድርጎ፣ በየ4.5 ሚሊዮን ሊትሩ ከአንድ ቫይረስ በላይ መኖር የለበትም ይላል። ዐሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ አስቡ፤ ቫይረሷ ያለችው ከ450 ቦቴዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ይህን በማጣሪያና በበሬ ሥጋ መረቅ ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። ስለዚህም የ1989ኙ የአሜሪካ ደንብ ለወንዝና ለሐይቅ ውሃ ያዘዘው ቫይረስ አለመኖሩ እንዲረጋገጥ ሳይሆን ማጣሪያውና ክሎሪኑ ቢያንስ 99.99 በመቶውን እንዲያጠፉ ነው። ቫይረሱ የሚለካው ብዙ በሆነበት በወንዙ ወይም በፍሳሹ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው መከላከያው ነው። መከላከያውንም ለመፈተን ባክቴሪያን እንጂ ሰውን የማያጠቃ፣ ኤምኤስ2 የተባለ የ27 ናኖሜትር ቫይረስ በብዛት ይጨመርና ምን ያህሉ እንዳለፈ ይቆጠራል። ከቧንቧ ይልቅ ፍሳሽን መመርመር ምን እንደሚያስገኝ በ2013 በእስራኤል ታይቷል፤ አንድም ልጅ ሳይሽመደመድ በደቡብ እስራኤል ፍሳሽ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኝቶ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሄፓታይተስ ኢ እንግዳ አይደለም። በ1988 እና በ1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ የሠራዊት አባላት ላይ፣ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቷል። ሁለቱም ጊዜ በሽታው የታወቀው ከታማሚዎች ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ለገዳዲና ገፈርሳ ላይ የተጣራው ውሃ ደጃፋችን እስኪደርስ ብዙ ኪሎሜትር ይጓዛል፤ ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ፊዚክስ ይሠራል። ቧንቧው ሲሞላ ግፊቱ ወደ ውጪ ነው፤ በተሰነጠቀበት ቦታ ውሃው ይፈስሳል እንጂ ምንም አይገባም። ውሃው ሲቋረጥና ቧንቧው ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲራቆት ግን በውስጡ ያለው ግፊት ከከባቢ አየሩ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ስንጥቁ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ይስባል። በአጠገቡ የፍሳሽ ጉድጓድ ካለ የሚስበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ የተቀዳ ናሙና፣ በምንም ዓይነት ፒሲአር ቢመረመር፣ ስለዚህ ስንጥቅ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ለአንድ ሰፈር ቧንቧ ይበልጥ የሚናገረው ውድ የሆነው የቫይረስ ምርመራ ሳይሆን በውሃው ውስጥ የተረፈው ክሎሪን ልኬት ነው፤ ይህም በጥቂት ደቂቃ፣ በትንሽ ወጪ፣ የቀለም ለውጥ በማየት ይሠራል። ሂሳቡም ግልጽ ነው። የክሎሪኑ መጠን በሚሊግራም በሊትር፣ በደቂቃ ሲባዛ ቢያንስ 3 ከሆነ በ20 ዲግሪ ሙቀትና በጠራ ውሃ ከአንጀት ቫይረሶች 99.99 በመቶው ይጠፋሉ ተብሎ ይወሰዳል፤ ግማሽ ሚሊግራም ለስድስት ደቂቃ ማለት ነው። በ10 ዲግሪ ውሃ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ድፍርስ ከሆነ ግን ስሌቱ አይሠራም፤ ክሎሪኑ በደለሉና በቆሻሻው ላይ ያልቃል፣ ቫይረሱም በደለሉ ውስጥ ይሸሸጋል። ውሃ አጋር የሚጨምር ሰው አስቀድሞ ውሃውን እንዲያጠልል የሚመከረው ለዚህ ነው። ማፍላትን በተመለከተ ተማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ይበቃልን? ይበቃል። እነዚህ ቫይረሶች በዚያ ሙቀት ፕሮቲናቸው በፍጥነት ስለሚበላሽ መቶ ዲግሪ መድረስ አያስፈልግም፤ ከጎንደር እስከ ደብረ ብርሃን ያለ ደገኛ ሁሉ ውሃው እየተንፈቀፈቀ መፍላቱን ካየ በኋላ ማውረድ ይችላል።